የሰላምን ዋጋ ማን ይክፈል?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አንባቢያን! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል የማያውቅ ያለ አይመስለንም። አባባሉ ሥልጣንን እንደ ድግስ ይቆጥረዋል፤ የተጠራ ሰው ሳይጠግብ መነሣት የለበትም ይላል። የዲናችን ትምህርት ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በዲናችን ሥልጣን አማና ነው። አማና ማለት ደግሞ ባለቤቱ ሌላ የሆነ፣ እኛ ዘንድ ለጥበቃ የተቀመጠ፣ አንድ ቀን «አምጣ» ተብለን የምንጠየቅበት ነገር ነው። ስለዚህ የሕዝብን ገንዘብ የበላ ሹም ጥፋተኛ መሆኑን ለመናገር ብዙ መመራመር አያሻም። የመድረሳ ልጅም ይመልሰዋል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ከርሱ የሚበረታ ጉልበተኛ የመጣበት አንድ ገዥ አለ እንበል። ቢዋጋ አገሩ ይቃጠላል፤ ሕዝቡ ያልቃል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ታረቀ፤ ግብር ሊከፍል ተስማማ፤ አገሩም ከእሳት ዳነ። ይህ ሰው አማናውን ጠብቋል ወይስ አጉድሏል? ለሰላሙ የተከፈለው ዋጋስ ከማን ጎተራ፣ ከማን ጉልበት ወጣ? ይህን ጥያቄ በደፈናው ከምናነሣው እዚሁ ወለጋችን ውስጥ በተፈጸመ ታሪክ ላይ ብንመረምረው የበለጠ ይጠቅመናል።

የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች

ነቀምቴን የረገጠ ሰው የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ ወይም ስሙን ሳይሰማ አይመለስም። ግቢው ዛሬ የታሪክ ቅርስ ሆኖ ይጎበኛል። የዚህ ቤት ታሪክ የሚጀምረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ በከሬ ጎዳና የተባሉ የጦር መሪ በሌቃ ኦሮሞ መካከል ኃይላቸው እየገነነ ሄደና የነቀምቴን አካባቢ በአንድ እጅ ሥር አደረጉ። ከርሳቸው በኋላ ልጃቸው ሞረዳ በከሬ ሥልጣኑን ያዙ።

ሞረዳ የገዙበት ዘመን ቀላል አልነበረም። ከሰሜን በኩል የጎጃም ጦር ዓባይን እየተሻገረ ያስገብራል፤ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ የሸዋ ጦር እየገፋ ይመጣል። ሁለቱም የሚፈልጉት የዚህን አገር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የንግድ መንገድ ነበር። በመጨረሻም በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ ኃይሎች በሆሮ ጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ በተባለው ስፍራ ተጋጠሙ። ድሉ የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ሆነ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። በዚህ ድል ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ።

እስከዚያ ድረስ ለጎጃም ይገብሩ የነበሩት ሞረዳ የነፋሱን አቅጣጫ አዩ። ጦር ሳያነሡ ለምኒልክ ገቡ። ስምምነቱ ባጭሩ እንዲህ ነበር። የአገሩ የውስጥ አስተዳደር በሞረዳ ቤት እጅ ይቆያል፤ ከሸዋ የመጣ ነፍጠኛ በገበሬው ላይ አይሠፍርም፤ በምትኩ በየዓመቱ የተወሰነ ግብር ይላካል። ሞረዳ የደጃዝማችነት ማዕረግ አገኙ። ልጃቸው ኩምሳም ንጉሡ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆነዋቸው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ።

ይህ ስምምነት በተደረገ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሱዳን ማህዲስቶች ጦር ምዕራብ ወለጋ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ያ ጦር የእስልምናን ስም ይዞ ቢመጣም በመንደሮቻችን ላይ ያደረሰው ዝርፊያ ስሙን አይመስልም ነበር። በ1881 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጉቴ ዲሊ ላይ ራስ ጎበና ከወለጋ ገዥዎች ጋር ሆነው ወጉት፤ ያም ጦር ተመለሰ። ከዚህ ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ሞረዳ ሞቱና ኩምሳ በቦታቸው ተቀመጡ። ኩምሳ ከ30 ዓመት በላይ ሌቃ ነቀምቴን ገዙ። በቤታቸው ተጠብቀው የቆዩትንና ከአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋር የተላላኳቸውን ደብዳቤዎች የታሪክ ምሁራኑ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተኣ ሰብስበው ስላሳተሟቸው የዚያን ዘመን የግብር ነገር ዛሬም ማየት እንችላለን።

ያልተቃጠለው አገር

እንግዲህ ሞረዳና ኩምሳ ያደረጉትን ለመመዘን ያላደረጉትንም ማየት ያስፈልጋል። በዚያው ዘመን «አንገብርም» ብለው የተዋጉ ገዥዎች ነበሩ። የወላይታው ንጉሥ ጦና በ1887 ዓ.ም. ተዋጉ። ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ አገራቸው ወደመ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ የተረፈው ከከብቱ ጋር እየተነዳ ሄደ። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1889 ዓ.ም. ለዘመተባቸው ጦር ለወራት እጃቸውን አልሰጡም። በመጨረሻ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ወደ ዙፋናቸውም ሳይመለሱ እዚያው ሞቱ።

ከዚህ በተቃራኒ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ሞረዳ ቤት የስምምነትን መንገድ መረጡ። ሃይማኖታቸውን እንደ ያዙ፣ ዙፋናቸውም ሳይነካ፣ ከፍ ያለ ግብር እየከፈሉ ጅማን ከጦርነት አዳኑ። ወደ ራሳችን ጠቅላይ ግዛት ስንመለስም የቄለሙ ጆቴ ቱሉ በመጀመሪያ ተመሳሳይ ስምምነት ነበራቸው። ኋላ ግን ሥልጣናቸው ተገፎ በአገራቸው ላይ ነፍጠኛ ሠፈረ። የቄለም ገበሬም ገባር ሆኖ መከራውን አየ። የነቀምቴ ገበሬ ከቄለሙ ወንድሙ ጋር ሲወዳደር ስምምነቱ ምን እንዳስቀረለት ግልጽ ነው።

ስለዚህ «ገበሩ፣ ተንበረከኩ» ብለን ሞረዳንና ኩምሳን በችኮላ ብናወግዝ ግፍ ይሆንብናል። የወላይታ እናት ልጇን ስትቀብር የነቀምቴ እናት ልጇን ታሳድግ ነበር። ደምን ማዳን ትልቅ ሥራ ነው። ጀግንነት ማለት ሁልጊዜ ጦር መስበቅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ለኩራቱ ሲል ሕዝቡን የሚያስፈጅ ገዥ በዘፈን ይወደሳል፤ ለሕዝቡ ሲል ኩራቱን የዋጠ ገዥ ግን ፈሪ ይባላል። ይህ የዱንያ ሚዛን እንጂ የአኺራ ሚዛን አይደለም።

ግብሩ ከየት መጣ?

ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንለፍ። «ግብር» የሚለው ቃል በቤተ መንግሥት ሲነገር ቀላል ነው። በገበሬ ጎጆ ውስጥ ግን ቃሉ ወርቅ ነው፤ ማር ነው፤ ከብት ነው፤ እህል ነው፤ ከራስ ማሳ ተነሥቶ ለሌላ ሰው የሚሠራበት ቀን ነው። ከአዲስ አበባ «ወርቁ ይምጣ» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ ደጃዝማቹ ወንዝ ወርደው አሸዋ አያጥቡም። አሸዋውን የሚያጥበው ድሃ ነው። ማሩን የሚቆርጠው፣ ሸክሙን ተሸክሞ የሚጓዘውም እርሱ ነው። ኋላም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መሬት በቃላድ ሲለካ የባላባቱ ድርሻ ተከበረ፤ ብዙው ገበሬ ግን አባቱ ባቀናው መሬት ላይ የሰው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የገዥው ቤት ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አልደኸየም። ግቢው ሰፋ፤ ማዕረጉም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

ወደ ምዕራብ ዝቅ ስንል ነገሩ የባሰ ነው። ከወርቁ ምንጮች አንዱ የቤኒ ሻንጉል ምድር ነበር። አሶሳ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ስለ ነበረች ይህም የራሳችን ታሪክ ነው። የአሶሳው ገዥ ሸይኽ ኾጀሌ አልሐሰን ይባላሉ። እርሳቸውም ከአዲስ አበባ ጋር ተስማምተው፣ አንድ ጊዜም ታስረው ተፈትተው፣ ወርቅ እየገበሩ ሥልጣናቸውን አቆዩ። ስማቸው እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ በሚገኘው ቤተ መንግሥታቸውና በሰፈሩ ስም ይታወሳል።

ሸይኹ ሙስሊም ነበሩ። የኛ ሰው ናቸው ብለን ግን ዝም ልንል አይገባንም። የአሶሳ ሰላም ከተከፈለበት ነገር አንዱ የሰው ልጅ ነው። ከበርታ፣ ከማኦና ከኮሞ ሕዝብ ልጆች እየተነጠቁ በባርነት ተሸጡ፤ ተገበሩም። የጅማው ሂርማታ ገበያም በዘመኑ ሰው ከሚሸጥባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቢላልን (ረ.ዐ) ከባርነት ያወጣ ዲን ተከታዮች ሆነን ይህን በጥሩ ስም ልንጠራው አንችልም። ዙልም ዙልም ነው፤ ሙስሊም ስለ ሠራው ዐድል አይሆንም።

በጅማ ታሪክ ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። አባ ጅፋር ጅማን በስምምነት አዳኑ ብለናል። ነገር ግን በ1889 ዓ.ም. ካፋ ላይ ሲዘመት የጅማ ጦር ከዘማቾቹ መካከል ነበር። የራስን ቤት ከእሳት ያዳነው ስምምነት ክብሪቱን አስይዞ ወደ ጎረቤት ቤት ላከ ማለት ነው። ሰላም እንዲህ ባለ ዋጋ ሲገዛ ማን ነው የዳነው? ማንስ ነው የተሸጠው?

በሌላውም ዓለም

ይህ ፈተና በኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በሕንድ አገር እንግሊዞች ኃይላቸው እየበረታ በመጣ ጊዜ ሁለት ሙስሊም ገዥዎች ሁለት የተለያዩ መንገዶችን መርጠዋል። የማይሶሩ ሡልጣን ቲፑ ተዋጉ፤ በ1799 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማቸው በስሪራንጋፓትና በር ላይ ሰይፋቸውን እንደ ያዙ ወደቁ። የሃይደራባዱ ገዥ ኒዛም ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ከእንግሊዞች ጋር ተዋውለው ስለ ነበር ቲፑን በከበበው ጦር ውስጥ የሃይደራባድ ወታደሮችም ነበሩበት።

የሃይደራባድ ዙፋን በዚህ ውል ምክንያት እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘለቀ። የኒዛሞቹ ቤት በመጨረሻ በዓለም ላይ እጅግ ከበለጸጉት ቤቶች አንዱ እስከ መባል ደርሶ ነበር። ይሁንና እንግሊዞች ለሚያቆሙት ጦር የሚከፈለው ዕዳ በተከመረ ጊዜ በ1853 እ.ኤ.አ. በራር የተባለው ለም አገር ከነሕዝቡ በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር እንዲሆን ተሰጠ። ዕዳው የዙፋኑ ነበር፤ የተሰጠው ግን የገበሬው አገር ነው። የሌቃን፣ የአሶሳንና የጅማን ታሪክ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም። ቋንቋውና ሃይማኖቱ ይለያይ እንጂ መንገዱ አንድ ነው፤ ሰላሙን የሚያወርደው ገዥ ሸክሙንም አብሮ ወደ ታች ያወርደዋል።

የሑደይቢያ ሚዛን

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰላም የምንመዝንበት ሚዛን ከየት እናምጣ? ከታሪካችን ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰን የሑደይቢያ ስምምነት ነው። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ 1400 ከሚሆኑ ሰሓቦች ጋር ለዑምራ ወጥተው ከመካ አቅራቢያ ታገዱ። ጦርነት ሳይሆን ለ10 ዓመት የሚቆይ ስምምነት መረጡ። ስምምነቱ ሲነበብ ለሙስሊሞች የሚጎዳ ይመስል ነበር፤ ዑመር (ረ.ዐ) እንኳ እጅግ ተጨንቀው ነበር። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንድንል እንፈልጋለን።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የተቀነሰው የማን ክብር ነው? የቁረይሾቹ ተደራዳሪ ሱሀይል «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ከጽሑፉ እንዲወጣ ጠየቀ። ጸሐፊው ዐሊይ (ረ.ዐ) ይህን ለመፋቅ እጃቸው እምቢ አላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ራሳቸው ፋቁትና ስማቸው ከአባታቸው ስም ጋር ብቻ እንዲጻፍ ተስማሙ። ለሰላሙ ከተከፈለው ዋጋ የመጀመሪያው ከመሪው የራስ ማዕረግ ላይ ወጣ። የብዙ ገዥዎች ስምምነት ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ የገዥው ማዕረግ እንዳይነካ የሚል ነው።

ሁለተኛ፣ ዋጋው በደካማው ላይ በወደቀ ጊዜ ምን ተደረገ? ከመካ የሸሸ ሰው እንዲመለስ ስምምነቱ ያዝዝ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ የሱሀይል ልጅ አቡ ጀንደል (ረ.ዐ) በሰንሰለት እንደ ታሰረ እየተጎተተ መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርሱን ለማስቀረት ሱሀይልን ደጋግመው ጠየቁ፤ አልሆነም። ወጣቱ ተመለሰ። ነገር ግን ጉዳቱ አልተደበቀም፤ «ትንሽ ነገር ነው» አልተባለም፤ አላህ መውጫ እንደሚያበጅለት በሰው ሁሉ ፊት ተነገረው። ሴቶች እየተሰደዱ በመጡ ጊዜ ደግሞ አልተመለሱም። ኡሙ ኩልሱም ቢንት ዑቅባን (ረ.ዐ) ወንድሞቿ ሊወስዷት ቢመጡ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። መሪው በማዕረጋቸው ላይ ለቀቅ ብለው በተጠጋች ሴት ላይ ግን ጠበቅ አሉ። ምን መስጠት እንደሚቻልና ምን መስጠት እንደማይቻል የሚያሳየው ድንበር ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ባዘነ ጊዜ መሪው የት ነበሩ? ሰሓቦች ከሐዘናቸው የተነሣ እርዱ ሲባሉ ዘገዩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የባለቤታቸውን የኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ምክር ሰምተው ወጡና ማንንም ሳያናግሩ አስቀድመው የራሳቸውን መሥዋዕት አረዱ፤ ጸጉራቸውንም ተላጩ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ተነሣ። መራራውን ነገር አስቀድመው የቀመሱት እርሳቸው ነበሩ።

«ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?»

አንድ አንባቢ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «የነቢይን ሥራ ከአንድ የሌቃ ገዥ ጋር ታወዳድራላችሁን? ኩምሳ እኮ ተገደው ነው። ወርቁን ባይልኩ ነፍጠኛው ይመጣ ነበር። ዘመኑም እንዲያ ነበር።» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውን ከነቢይ ጋር በደረጃ ለማወዳደር አላሰብንም። ሚዛን የሚያስፈልገን ግን ለመመዘን ነው፤ የጎደለ ሚዛን ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

የተገደዱ ስለ መሆናቸው ግን ነገሩን ከፈል አድርገን እንየው። ኩምሳ ግብር ከመክፈልና ካለመክፈል መካከል ለመምረጥ አልቻሉም፤ በዚህ ላይ ተገደዋል፤ የተገደደም ሰው በተገደደበት አይወቀስም። ግብሩን ከማን ላይ እንደሚሰበስቡ ግን የሚወስኑት እርሳቸው ነበሩ። ከሀብታሙ ይብዛ ወይስ ከድሃው? የገዥው ቤት ከራሱ ላም፣ ከራሱ መሬት፣ ከራሱ ድግስ ስንት ይቀንስ? ይህን ከአዲስ አበባ ማንም አላዘዘም። ከበላዩ ባለው ፊት የተገደደ ሰው ከበታቹ ባለው ላይ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው። የሚጠየቀውም በዚያ ነፃ በሆነበት ቦታ ላይ ነው። «ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ እስከ አንድ ደረጃ ይሠራል፤ ከዚያ በታች አይሠራም።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» ለሚለውም መልስ አለ። ከዚያ ዘመን በፊት ከ1200 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ የረማዳ ዓመት በተባለው የረኀብ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤ አልቀምስም ብለው ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። መሪ ረኀቡን ማጥፋት ቢያቅተው መካፈል ግን አያቅተውም። ይህን ለማወቅ ዘመናዊ መሆን አያስፈልግም።

ሙታንን መክሰስ የኛ ሥራ አይደለም፤ ሒሳባቸው ከአላህ ዘንድ ነው። በልባቸው የነበረውንም እርሱ ነው የሚያውቀው። ሞረዳና ኩምሳ ደም እንዳይፈስ በማድረጋቸው ሊመሰገኑ ይገባል። የሸክሙ አከፋፈል ግን ለኛ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። ያ ስምምነትም ለዘላለም አልቆየም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገሪቱን ወርራ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ፣ የኩምሳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች ጋር ሆነው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አገራቸውን በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንዲያደርግላቸው እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። አያትየው ከጎጃም ወደ ሸዋ ጥላ እንደ ዞሩ ሁሉ የልጅ ልጁም ሌላ ጥላ ፈለጉ። በጉልበተኛ ጥላ ሥር የተገኘ ሰላም ጥላው ሲነሣ አብሮ ይነሣል። በሕዝብ ልብ ውስጥ በፍትሕ የተተከለ ሰላም ግን ሥር አለው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህ የደጃዝማቾችና የሡልጣኖች ወሬ ብቻ መስሎ ከታየን ትምህርቱ አምልጦናል። እያንዳንዳችን በቤታችን ትንሽ አገር እንገዛለን።

ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ እንበል። ባልየው በደለኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ግን ባል ጠንካራ ነው፤ ይቆጣል፤ ሚስት ግን ትሰማለች። ስለዚህ «አንቺ ቻዪ» ተብላ ትመለሳለች። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው፣ ቡና ጠጥተው «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ወረደ» ብለው ይሄዳሉ። ሰላሙ ወርዷል፤ ሸክሙም አብሮት በእርሷ ትከሻ ላይ ወርዷል። ሁለት ቤተሰቦች ደም ተቃብተው ሲታረቁ ልጃገረድ ሳትጠየቅ ለዕርቅ የምትዳርበት ጊዜም አለ። ገዳዩ ወንድሟ ነው፤ ከፋይዋ ግን እርሷ። እንዲህ ያለ ዕርቅ ከአሶሳው ሰላም በምን ይለያል?

ኑሮ ሲጠብብንም እንዲሁ ነው። የቤት ኪራይ ጨመረ፤ እህል ተወደደ። አባት «እንቀንስ» ይላል፤ መቀነስ መቼም ግድ ነው። ግን ከምን ላይ ይቀነስ? ከአባት የከሰዓት ጫት ወይስ ከታላቂቱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ? «ወንድሞችሽ ይማሩ፣ አንቺ እናትሽን እርጂ» ተብላ ከክፍል የቀረች ልጅ የቤቱን ግብር የከፈለች ገባር ናት። አባት ለኑሮ ውድነት ተገዷል፤ ልጁን ለመምረጥ ግን አልተገደደም። በመስጂድ ጀመዓና በዕድርም ያው ነው። መዋጮ ሲመደብ ለሀብታሙም ለጉልት ቸርቻሪዋ መበለትም እኩል ብር ከሆነ፣ በቁጥር እኩል በሸክም ግን እጅግ የተለያየ ነው።

የአካባቢያችንም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ከተሞችና ገጠሮች ሰላም ማጣት ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። መንገድ ተዘግቶ ሕመምተኛ ቤቱ ቀርቷል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮሞውም አማራውም ሬሳ ቀብሯል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወርና በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በታንዛኒያ ያደረጓቸው ሁለት ድርድሮች ያለ ስምምነት ሲያበቁ ያዘነው ሰው ብዙ ነው። ሰላም እንዲመጣ ሁላችንም ዱዓ እናደርጋለን። ዱዓችን ግን የተሟላ ይሁን። የሚመጣው ሰላም ለተፈናቀለችው እናት መመለሻ፣ ለገበሬው ማሳው፣ ለተማሪው ክፍሉ ይሁን። ባለ ሥልጣኑና ባለ ጠመንጃው ተጨባብጠው ዕዳው ለእነዚህ የሚቀር ከሆነ ግን ገና የጎደለ ነገር አለ።

ስለዚህ በቤትም በሰፈርም በአገርም ሰላም ሲወርድ ደስ ይበለን፤ አላህንም እናመስግን። ከዚያም ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ከራሱ ክብርና ጥቅም አስቀድሞ የቀነሰ ማን ነው? ለደካማው የተጠበቀለት ነገር ምንድን ነው? መራራውን ድርሻ መጀመሪያ የቀመሰው ማን ነው? የሦስቱም መልስ «ታላቁ» ከሆነ ያ ሰላም አማናውን ጠብቋል። የሦስቱም መልስ «ታናሹ» ከሆነ ግን ጦርነቱ ገና አላለቀም፤ ከሜዳ ወደ ጓዳ ገብቷል እንጂ።

አላህ በእጃችን ያለውን አማና፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከሚጠብቁት ያድርገን። ሸክሙን በደካማ ትከሻ ላይ ከሚጭኑትም አያድርገን። ለአገራችን ለወለጋና ለመላው ኢትዮጵያ ፍትሕ ያለበት ሰላም ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።